ገና ሳይወጣ ቤታችን የገባው ፕሌይስቴሽን

ቤታችሁ ውስጥ ዕድሜው ከአሥር ዓመት ያለፈ ልጅ ካለ እስቲ ዛሬ እራት ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁት። «ቀጣዩ ፕሌይስቴሽን ምን ዓይነት ይሆናል?» በሉት። ከትምህርት ቤት ሲመጣ «ደኅና ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የማይወጣው ልጅ ሳይታክት ሲያስረዳችሁ ትሰማላችሁ፤ ዋጋው ይህን ያህል ነው፣ ፍጥነቱ ይህን ያህል ነው፣ የድሮ ጌሞችን ይቀበላል፣ ዲስክ ማስገቢያ አይኖረውም እያለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 የፕሌይስቴሽን ዋና ንድፍ አውጪ ማርክ ሰርኒ ከኤኤምዲ ኩባንያ ኃላፊ ጋር ቀርቦ ያወራው ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሚመጣ ማጫወቻ ስለሚዘጋጅ ቴክኖሎጂ ብቻ ነበር። ስምም፣ ዋጋም፣ ቀንም አልተናገረም። የቀረውን የሞላው የልጆቹ ተስፋ ነው።

ይህ ተስፋ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ቤታችንን አናግቶ አይቻለሁና ነው የምነግራችሁ።

ነገሩ የጀመረው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2005 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሶኒ ሎስ አንጀለስ ላይ ፕሌይስቴሽን 3ን ለመጀመሪያ ጊዜ አሳየ። እኛ ያን ጊዜ ቨርጂኒያ ነበርን፤ የመጀመሪያ ልጃችን አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። በዚያ ቀን ከታየው ሁሉ የልጁን ልብ የወሰዱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው እንደ ሙዝ የጎበጠ የብር ቀለም ያለው ጆይስቲክ ነው። ሁለተኛው ኪልዞን የተባለው የጦርነት ጌም ፊልም ሲሆን፣ ጭሱና የወታደሮቹ ፊት እውነተኛ ሰው የተቀረጸ እስኪመስል ድረስ ያስደንቅ ነበር። ልጃችን የጆይስቲኩን ሥዕል ከመጽሔት ላይ ቆርጦ ራስጌው ላይ ለጠፈው።

በዚያ ዓመት ትንቢት የማይናገር ሰው አልነበረም። (እኛ አማኞች ይህን ቃል በጥንቃቄ እንደምንጠቀምበት አውቃለሁ፤ ይህኛው የገበያ ትንቢት ነው።) ፕሌይስቴሽን 2 በዚያው ዓመት 100 ሚሊዮን ስለ ደረሰ ሦስተኛውም ያሸንፋል ተባለ። ኔንቴንዶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ድሪምካስትን መሥራት እንዳቆመው እንደ ሴጋ አብቅቶለታል የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። በሚያዝያ 2006 ኔንቴንዶ የአዲሱን ማጫወቻ ስም «ዊ» ብሎ ሲያወጣ ያልሳቀ አልነበረም። የእኔም ልጅ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

በግንቦት 2006 ደግሞ የፕሌይስቴሽን 3 ዋጋ ተነገረ፤ አነስተኛው 499 ዶላር፣ ትልቁ 599። የሶኒ የጌም ክፍል ኃላፊ የነበረው ኬን ኩታራጊ ከዚያ በፊት ሰዎች ይህን ዕቃ ለመግዛት ተጨማሪ ሰዓት ለመሥራት እንዲነሡ እንደሚፈልግ ተናግሮ ነበር። ብዙዎች ተሳለቁበት። እኔ ግን ሠራሁ። የቅዳሜ ሌሊት የፓርኪንግ ሥራ ጨመርሁ። እሑድ ጠዋት እንቅልፍ እየጣለኝ ከአምልኮ መቅረት ጀመርሁ፤ የማታው የቤተ ሰብ ጸሎታችንም እየሳሳ መጣ። «ለልጄ ስል ነው» እል ነበር፤ ልጄ ግን በእነዚያ ወራት ከእኔ ይልቅ ያንን ሥዕል ነበር የሚያየው።

የከፋው ገና ነው። ባለቤቴ እናቷን ለመጠየቅ አዲስ አበባ እንድትሄድ የምናጠራቅምበት ፖስታ ነበረን። ኅዳር እየቀረበ ሲመጣ ከዚያ ላይ 250 ዶላር ሳልነግራት አወጣሁ። «ከደመወዝ ላይ እመልሰዋለሁ» ብዬ ነበር። ከሳምንት በኋላ አወቀች። አልጮኸችም። «ያሳዘነኝ ብሩ አይደለም» አለችኝ፤ «ፖስታውን እንደ ነበረ መልሰህ ማሸግህ ነው።» ለሁለት ሳምንት አንድ ጣሪያ ሥር ሆነን እንደ እንግዳ ኖርን። ልጁም ሰማ፤ ምክንያቱ እርሱ እንደ ሆነም ገባው።

ኅዳር 17 ቀን 2006 ፕሌይስቴሽን 3 በአሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ። የብሉሬይ ዲስክ ማንበቢያው ሰማያዊ ሌዘር እጥረት ስለ ነበር ሶኒ ለሰሜን አሜሪካ የመክፈቻ ቀን ያቀደው 400 ሺህ ብቻ ነበር፤ የአውሮፓን ሽያጭ እስከ መጋቢት 2007 አስተላልፎታል። ሰዎች ድንኳን ተክለው አደሩ። በኮነቲከት ግዛት ፑትናም በተባለች ከተማ ሰልፍ ይዞ ይጠብቅ የነበረ ሰው በዘራፊዎች ጥይት ቆሰለ። በዚያው ሳምንት በኢንተርኔት ጨረታ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሲጠየቅበት አየን። እኔም ሌሊቱን ቆሜ አደርሁ፤ ተራዬ ሳይደርስ አለቀ። ወደ ቤት እየነዳሁ ስመለስ፣ ጌታ ይመስገን፣ ያዘንሁት ትንሽ ነው፤ 250ውን ዶላር ቁርስ ሳልቀምስ ለባለቤቴ በእጇ ሰጠኋት።

ትንቢቱስ ምን ሆነ? የተሳቀበት ዊ ከሁለት ቀን በኋላ በ249 ዶላር ከ99 ሳንቲም ወጣ፤ ቴኒስና ቦውሊንግ ያለበት ጌምም አብሮት ነበር። በአረጋውያን መኖሪያዎች ሳይቀር አያቶች ተነሥተው እጃቸውን እያወዛወዙ ተጫወቱበት። በመጨረሻ ከ101 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ ፕሌይስቴሽን 3 በ87 ሚሊዮን አካባቢ ቀረ። ያ የሙዝ ቅርጽ ጆይስቲክ ጨርሶ ለገበያ አልቀረበም። የኪልዞኑም ፊልም ማጫወቻው ላይ የተሠራ አልነበረም፤ ጌሙ ወደ ፊት ምን ሊመስል እንደሚችል ለማሳየት አስቀድሞ የተዘጋጀ ነበር። ኪልዞን 2 ራሱ ከሱቅ የደረሰው በ2009 ነው። በ2007 መጨረሻ በ399 ዶላር የተሸጠውን ለልጃችን ገዛንለት፤ እርሱ ደግሞ የፕሌይስቴሽን 2 ጌሞችን አይቀበልም ነበር። ሥዕሉን ከግድግዳ ያነሣው ልጁ ራሱ ነው፤ ማንም አላዘዘውም።

ባልና ሚስት የሆናችሁ ወገኖቼ፣ የሚቀጥለው ሲመጣ ልጁ ፊት ከመነጋገራችሁ በፊት ሁለታችሁ ተነጋገሩ። አንዳችሁ «እሺ»፣ ሌላችሁ «አይሆንም» ካላችሁ ልጁ የሚማረው በመካከላችሁ ያለውን ክፍተት ነው። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ስለሚሠራው ሰው ሲያስተምር አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪን ስለ ማስላት ተናግሯል፤ እናንተም የማጫወቻውን ዋጋ ብቻ አትቁጠሩ። በሰኔ 2025 የወጣው ኔንቴንዶ ስዊች 2 ዋጋው 450 ዶላር ነበር፤ አብሮት የወጣው የማሪዮ ካርት ጌም ለብቻው 80 ዶላር ተሸጠ። ሁለተኛ ጆይስቲክ አለ፤ በኢንተርኔት ለመጫወት የሚከፈል አለ። አገር ቤት ያላችሁም ዘመድ «እልክላችኋለሁ» ሲላችሁ ጌሙን ማን እየገዛ እንደሚያስቀጥል ጠይቁ። ካልሆነ ልጁ ወደ ሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት መመለሱ አይቀርም።

ግን እባካችሁ አትሳለቁበት። ብዙዎቻችን «ይህ የዓለም ነገር ነው» ብለን ወሬውን እንዘጋለን። አንድ ልጅ ዓመት ተኩል ቀን እየቆጠረ ሲጠብቅ፣ እኛ ከመድረክ ስለ መጠበቅ ከምንሰብከው የሚበልጥ ትዕግሥት ሊኖረው ይችላል። ደግሞም ብቻውን አይጠብቅም፤ ከጓደኞቹ ጋር ነው የሚጠብቀው። አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ምን እንደሚጠብቅ ጠይቁት። ኩባንያው ያሳየው የትኛው ነው? ወሬው የጨመረው የትኛው ነው? የእርሱስ ምኞት የትኛው ነው? ብላችሁ አብራችሁ ለዩ። ኪልዞንን ያኔ እንዲህ ብንለየው ኖሮ ልጄ ያን ያህል ባላዘነ ነበር።

በኋላ የተወለደው ታናሹ ልጃችን ደግሞ አሁን ስድስተኛውን ፕሌይስቴሽን ይጠብቃል። ባለፈው ወር ግምቱን በወረቀት አስጻፍነው፤ ሲወጣ አብረን ከፍተን እናያለን። እኔም የራሴን ጽፌያለሁ፤ ዋጋውን 700 ዶላር ብያለሁ፤ ልጁ «አባዬ አበዛኸው» ይለኛል። ወረቀቶቹን ፖስታ ውስጥ ከተትናቸው። ያሸገችው ባለቤቴ ናት።