ስሙ ዕድሜ አይነግርም

የጃፓን ፊልም መግለጫ ወደ አማርኛ በመለስኩ ቁጥር «ካርቱን አትበል፣ አኒሜ ነው» የሚል እርማት ይከተለኛል። እርማቱ የዱባይና የሻርጃ ወጣቶቻችን ቢሆንም ወላጆችም ይዘውታል፤ ካርቱን የልጅ፣ አኒሜ የትልቅ ሰው ብለው ሪሞቱን የሚሰጡትም የሚቀሙትም በዚሁ ነው። ይህ ክፍፍል ሰልችቶኛል። ጃፓኖች ራሳቸው ሥራውን «ማንጋ ኤይጋ»፣ «ዶጋ»፣ ቴሌቪዥን ሲመጣም «ቴሬቢ ማንጋ» ሲሉት ኖረዋል። የቶኤይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1956 ያቋቋመው ስቱዲዮ ቶኤይ ዶጋ ይባል ነበር፤ የጃፓንኛ ስሙ ቶኤይ አኒሜሽን የሆነው ገና በ1998 ነው። «አኒሜ» ራሱ «አኒሜሽን» አጥሮ የመጣ ነው፤ እዚያ አገር የዲዝኒ ፊልምም አኒሜ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰሞን «ጃፓኒሜሽን» ተብሎ ተትቷል። እዚህ ባሕረ ሰላጤው ላይ ደግሞ የጃፓኖቹ ግሬንዳይዘርም ካፒቴን ማጂድም «ሩሱም ሙተሐሪካ»፣ ማለትም ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች፣ ነበሩ፤ ሱባሳ የተባለው ኳስ ተጫዋች ማጂድ ሆኖ በዐረብኛ ሲናገር ከየት እንደመጣ የጠየቀ ልጅ ጥቂት ነው።

ቃሉ የተሠራበትን አገር ከጠቆመ ምን ይጎዳል የሚል ሰው እውነት አለው፤ ለዚያ እኔም እጠቀምበታለሁ። ጉዳቱ አገሩን ወደ ዕድሜ ስንለውጠው ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 1988 የጂብሊ ስቱዲዮ ሁለት ፊልሞች ጃፓን ውስጥ በአንድ ትኬት ወጡ። በአንደኛው፣ በቶቶሮ፣ ዝናብ ላይ አውቶቡስ የሚጠብቁ እህትማማቾች ለአንድ ግዙፍ የጫካ ፍጡር ጃንጥላ ያውሳሉ። በሌላው ጦርነት ወላጅ አልባ ያደረጋት ሕፃን ከረሜላዋ ሲያልቅ ቆርቆሮው ውስጥ የተጨመረ ውኃ ትጠጣለች፤ ኋላም በረኃብ ትሞታለች። ሁለቱም አኒሜ ናቸው፣ ሁለቱም ካርቱን ናቸው፤ የአምስት ዓመት ልጅ ፊት የሚቀርበው ግን አንዱ ብቻ ነው። ወላጅ ይህን በስሙ ሊለየው አይችልም።

«ታዲያ ወላጅ ምን ይያዝ?» ለሚለው መልሱ የዕድሜ ደረጃው ነው። የኤሚሬትስ ተቆጣጣሪ ለሲኒማ 21+ የሚል እርከን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ሲጨምር መለኪያው ይዘቱ ነበር፤ ፊልሙ በእጅ መሳሉም በካሜራ መቀረጹም ከደረጃው አያወጣውም። የአማርኛ መግለጫዎቻችን ግን «ምርጥ አኒሜ» ብለው ቁጥሩን ይተዉታል። ቦታ አይበቃም ሲሉኝ የምሰርዘው «አኒሜ» የሚለውን ነው፤ ዕድሜው ይቆያል።