በኬንያ ሥራ ያጡ ወጣቶች በዝተው ሳለ የሥራ አጥነት አሃዙ ለምን ዝቅተኛ ሆነ?

በናይሮቢ ደቡባዊ ክፍል የሚገኘው ሳውዝ ሲ መካከለኛ ገቢ ያላቸው ነዋሪዎች የሚበዙበት ሰፈር ነው። በመንገዶቹ ዳር "ቦዳ ቦዳ" የሚባሉትን ሞተር ብስክሌቶች አቁመው ተሳፋሪ የሚጠብቁ ወጣቶችን ማየት የተለመደ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በሙያው ሥራ ያላገኘ ቢሆን እንኳ በይፋዊው አሃዝ ሥራ አጥ ተብሎ አይቆጠርም።

የኬንያ ብሔራዊ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንዳስታወቀው በአውሮፓውያኑ 2020 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት 5.2 በመቶ የነበረው ሥራ አጥነት፣ የኮቪድ-19 ገደቦች በተጣሉበት ሁለተኛው ሩብ ዓመት ወደ 10.4 በመቶ አሻቅቦ ነበር። በ2022 መገባደጃ ግን ወደ 4.9 በመቶ ወርዷል።

ለመሆኑ ሥራ አጥ የሚባለው ማን ነው?

በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መስፈርት ሥራ አጥ የሚባለው ሥራ የሌለው፣ ሥራ በመፈለግ ላይ ያለና ቢያገኝ ለመጀመር ዝግጁ የሆነ ሰው ነው። ጥናቱ በሚሸፍነው ሳምንት ለአንድ ሰዓት ያህል እንኳ ለክፍያ የሠራ ሰው ሥራ እንዳለው ይቆጠራል። ተስፋ ቆርጦ መፈለግ ያቆመውም ከስሌቱ ይወጣል።

የተራዘመ ሥራ አጥነት የሚባለው ደግሞ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ሲዘልቅ ነው። ሥራ ላጡ ሰዎች ቋሚ ድጎማ በሌለበት አገር ግን ያን ያህል ጊዜ ያለ ገቢ መቆየት የሚችለው ቤተሰብ የሚደግፈው ብቻ ነው። ሌላው ያገኘውን ይሠራል። በዚህም ችግሩ አይወገድም፤ ከመዝገቡ ይሰወራል እንጂ።

በ2024 በኬንያ ከተፈጠሩት 782,300 አዳዲስ የሥራ ዕድሎች 90 በመቶ ያህሉ የተገኙት "ጁዋ ካሊ" በሚባለው ኢመደበኛ ዘርፍ ነው። ቃሉ በስዋሂሊ "ጠራራ ፀሐይ" ማለት ሲሆን፣ መነሻው ደጅ ላይ ፀሐይ እየመታቸው የሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። በዘርፉ የሥራ ውል፣ ጡረታና የሕመም ፈቃድ እምብዛም አይታወቁም።

በዚያው ዓመት ሰኔ ወር የግብር ጭማሪ የያዘውን የፋይናንስ ረቂቅ ሕግ በመቃወም አደባባይ የወጡት ወጣቶች ካነሷቸው ቅሬታዎች አንዱ የሥራ እጦት ነበር። ፕሬዝዳንት ዊልያም ሩቶ ረቂቁን ቢተዉትም የሥራው ጥያቄ ግን አልተመለሰም።

ስለዚህ የኬንያን የሥራ ገበያ ለመረዳት ስንት ሰው ሥራ አጥቷል ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ሥራ አላቸው የተባሉት ስንት ሰዓት እንደሚሠሩና ገቢያቸው ያኖራቸው እንደሆነም መጠየቅ ያሻል።