እናት ያላጠፋችው

ኦቦ በኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ፣ በሞያሌ በኩል፣ ከኢትዮጵያ ድንበር ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። እዚያ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ስሙ ሲጠራ ዞር ካላለ፣ ቃል አገጣጥሞ ካልተናገረ፣ እናቱ የምትሰማው ነገር የአዲስ አበባዋ እናት ከምትሰማው የሚለይ አይመስለኝም፤ እርግማን ነው፣ መንፈስ ነው፣ አንቺ አጥፍተሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ፣ ከመቶ 45 ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ አግኝቷል።

እንዲህ ያለው ምልክት ከኦቲዝም ሊመጣ ይችላል፤ ሳይንሱ ግን ጣቱን የሚቀስረው ወደ ሌላ ቦታ ነው። ሁለት የነርቭ ሴሎች በሚገናኙበት ሲናፕስ መሃል ያለው ክፍተት የአንድ ሚሊሜትር 50,000ኛ ያህል ነው። ከወዲህ ኒውሬክሲን፣ ከወዲያ ኒውሮሊጂን የሚባሉ ፕሮቲኖች እንደ ሸሚዝ ቁልፍና እንደ ቀዳዳው ተያይዘው ሁለቱን ወገኖች ያገናኛሉ፤ መልእክቱ በወጉ እንዲተላለፍም ያግዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የፓሪሱ ቶማ ቡርዥሮንና ባልደረቦቹ በሁለት የስዊድን ቤተሰቦች ውስጥ ኦቲዝም ባለባቸው ወንድማማቾች ላይ የኒውሮሊጂን ጂን ለውጥ አገኙ። በአንደኛው ቤተሰብ የተለወጠው በኒውሮሊጂን 3 ላይ 451ኛው አሚኖ አሲድ ብቻ ነበር። በዚህች ለውጥ ምክንያት አብዛኛው ፕሮቲን ከተሠራበት ሴል ውስጥ ታስሮ ይቀራል፤ ሲናፕሱ ዘንድ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው።

ጂኑ ያለው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ ለወንድ ልጅ የሚደርሰው ከእናቱ ነው። ይህን ሰምቶ «እንግዲያማ ከእሷ ነው» የሚል አይጠፋም። እናት ግን የምታወርሰውን ጂን አትመርጥም፤ ለውጡን መያዟንም አብዛኛውን ጊዜ አታውቅም። ደግሞም በኒውሮሊጂን ለውጥ የሚመጣው ኦቲዝም እጅግ ጥቂት ነው። ከኦቲዝም ጋር የተያያዙት ጂኖች ከ100 ይበልጣሉ፤ ምርመራውም ዛሬም በዋናነት የልጁን አድራጎት በማየትና ወላጅን በመጠየቅ ነው።

እኔን የሚቆጨኝ፣ ይህ እውቀት የተሰበሰበው በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች ደም መሆኑ ነው። ኒውሮዴቭ የተባለው ምርምር በኬንያዋ ኪሊፊና በኬፕ ታውን የአፍሪካ ልጆችን ጂን ማጥናት ጀምሯል። ኪሊፊ ግን የባሕር ዳርቻው ላይ ናት፤ ኦቦ ሌላኛው ጫፍ። በድንበሩ ግራና ቀኝ የሚኖሩት የቦረና ቤተሰቦችም ከጥናቱ ሊገቡ ይገባል።

ልጁ ግን የጂን ውጤት እስኪመጣ ቆሞ አይጠብቅም። ኦቲዝም ያለበት የጆጆ እናት፣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው የጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ንግግር ለማስተማርም በፊደላችን ድምፆች ላይ የቆመ ዘዴ ሲያበጁ፣ የልጃቸውን ጂን ውጤት አልጠበቁም። በኢትዮጵያ የተሞከረው የዓለም ጤና ድርጅት የወላጆች ሥልጠናም ስፔሻሊስት ሐኪም አይጠይቅም፤ ሠልጥኖ የመጣ የአካባቢው ሰው ዘጠኝ ጊዜ በቡድን፣ ሦስት ጊዜ በየቤቱ ያስተምራል። ኦቦ ከሁሉ በፊት ሊደርስ የሚገባው ይኸው ነው፤ የአካባቢው ሰዎች በሚናገሩት በቦረና ቋንቋ።