ርብራቡን ቀና ብለው አይተውታል?

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጡ በግንባታ ላይ ያለ ቤት ሳያዩ ማለፍ ይከብዳል። ግድግዳውን ተጠግቶ የቆመውን የባሕር ዛፍ ርብራብ ከመልመዳችን የተነሳ፣ ላዩ ላይ ሆኖ የሚለስነውን ሰው ልብ አንለውም።

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ግን ሁላችንም ደነገጥን። በምንጃር ሸንኮራ አረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ለግንባታ የቆመ የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ፣ ለበዓል ከመጡት ምእመናን ቢያንስ 36 ሰዎች ሞቱ። የግንባታ ሠራተኛ እንዲህ ባለ እንጨት ላይ የሚወጣው በየቀኑ ነው።

ቤት እያሠሩ ከሆነ

ባለሙያ ባይሆኑም እነዚህን ማየት ይችላሉ፦

• የቋሚዎቹ እግር ጠንካራ መሬት ላይ አርፏል? እንደ ጉለሌ ባለ ተዳፋት ሰፈር ዝናብ አፈሩን ስለሚሸረሽር ከዝናብ በኋላ እንደገና ይታይ።
• የተሰነጠቀ ወይም የበሰበሰ እንጨት፣ የላላ ሚስማር ወይም ሽቦ አለ?
• መቆሚያው ጣውላ ሰፊ ነው? በወገብ ከፍታ መከለያ አለው?
• ሠራተኛው ሄልሜትና የደህንነት ቀበቶ አለው? ቀበቶው ከጠንካራ ነገር ጋር ካልታሰረ ጌጥ ብቻ ነው።

ልጆች ከሥሩ እንዳይጫወቱ ማድረግም የእርስዎ ድርሻ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊ ነው፤ የሕክምና ወጪውንም ይሸፍናል። ስለዚህ ከኮንትራክተሩ ጋር ሲዋዋሉ ስለ ዋጋና ስለ ጊዜ ብቻ አይነጋገሩ። «ሰው ቢወድቅ የሚያሳክመው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱም በጽሑፍ ይስፈር።

ሰው ከወደቀ

ደንግጠን እጅና እግሩን ይዘን ታክሲ ውስጥ ማስገባት ይቀናናል። አከርካሪው ተጎድቶ ከሆነ ግን ይህ ዕድሜ ልክ ሽባ ሊያደርገው ይችላል። ሌላ አደጋ የሚያሰጋ ካልሆነ ከወደቀበት አያንቀሳቅሱት፤ አንገቱና ጭንቅላቱ እንዳይነቃነቅ ይያዝ፤ የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ይጫኑ፤ ውኃም ምግብም አይስጡት። ወዲያው የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ ወይም የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንን በ939 ይጥሩ።

ያ ሠራተኛ ማታ የሚጠብቁት ልጆች አሉት። ነገ ጠዋት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቀና ብለው ርብራቡን ይዩት።