አምስቱ ፕላኔቶችና ጨረቃ በካዛንቺስ ሰማይ ላይ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ወደ ሰማይ የሚያይ ሰው በአዲስ አበባ ብዙ አይደለም። ተማሪው እስከ እኩለ ሌሊት ሲያጠና አምሽቶ ይተኛል፤ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛውም የጠዋቱን ፊርማ እያሰበ ለቀረችው ጥቂት ሰዓት ይሳሳላታል። በዚያ ሰዓት ነቅተው የሚገኙት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ እናቶች፣ የሌሊት ዘበኞችና የመጀመሪያውን አውቶቡስ የሚነዱ ሾፌሮች ናቸው። እኔም እስከ ሰኔ ወር 2014 ዓ.ም. ድረስ ከሚተኙት ወገን ነበርሁ።

በዚያ ወር ግን ያለ መሣሪያ በዐይን የሚታዩት አምስቱ ፕላኔቶች፣ ሜርኩሪ፣ ቬኑስ፣ ማርስ፣ ጁፒተርና ሳተርን፣ ጎሕ ከመቅደዱ በፊት በአንድነት ይታዩ ነበር። ይበልጥ የሚያስደንቀው ደግሞ ከአድማስ ጀምሮ ወደ ላይ የተሰለፉት ከፀሐይ ባላቸው ርቀት ተራ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለው ሰልፍ ከዚያ በፊት የታየው በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. ነበር። ዓርብ ሰኔ 17 ቀን ንጋት ላይ ቀጭኗ ጨረቃ በቬኑስና በማርስ መካከል ገባች። ያ ስፍራ በተራው መሠረት የምድራችን ስፍራ ስለ ሆነ፣ ጨረቃ ስለ እኛ ተወክላ የቆመች ትመስል ነበር።

እንግዲህ ይህን ሰልፍ ፎቶግራፍ ለማንሣት ቈርጬ ተነሣሁ። በዚያን ጊዜ የኮሌጅ ተማሪ ሆኜ በካዛንቺስ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር።

ሰልፉ ምንድን ነው?

ነገሩን ለመረዳት በዚያው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለውን የአዲስ አበባ ስታዲየም ማሰብ ይበቃል። የ10,000 ሜትር ሯጮች ሜዳውን 25 ጊዜ ሲዞሩ ፈጣኑ ዘገምተኛውን እየደረሰ ያልፈዋል። ተመልካቹም አንዳንድ ጊዜ ሁሉንም በአንድ ወገን ተጠጋግተው ያያቸዋል፤ ዳሩ ግን አንዱ ሌላውን በሙሉ ዙር ቀድሞት ሊሆን ይችላል። ፕላኔቶችም እንደዚሁ ናቸው። ሜርኩሪ ፀሐይን በ88 ቀን ይዞራታል፤ ቬኑስ በ225 ቀን፣ ማርስ በ687 ቀን፣ ጁፒተር በ12 ዓመት ያህል፣ ሳተርን በ29 ዓመት ተኩል ያህል ይዞሯታል። እኛም በምድር ላይ ሆነን ከሯጮቹ አንዱ ነን እንጂ ቁጭ ብለን የምናይ ተመልካቾች አይደለንም። የሁሉም መሮጫ እንደ አንድ ገበታ ጠፍጣፋ ለመሆን ጥቂት ስለሚቀረው፣ ከእኛ ሲታዩ በአንድ መሥመር ላይ የተደረደሩ ይመስላሉ።

መሰብሰባቸው የዐይናችን ነገር መሆኑን ርቀታቸው ያስረዳል። ጨረቃ ከእኛ በአማካይ 384,000 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ብርሃኗም ከአንድ ሴኮንድ ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ይደርሰናል። በዚያ ሌሊት ሳተርን ግን ከአንድ ቢሊዮን ሦስት መቶ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ስለ ነበር፣ ያየነው ብርሃን ከእርሱ ከተነሣ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኖታል።

በዐውደ ነገሥት እነዚህ አምስቱ ዓጣርድ፣ ዝሁራ፣ መሪኅ፣ መሽተሪና ዙሐል ይባላሉ፤ ስሞቹ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። በየጊዜው ሲገናኙም ሰው ስለ ዕድሉና ስለ ዘመኑ ይጨነቅባቸው ነበር። ጥር 28 ቀን 1954 ዓ.ም. ፀሐይ፣ ጨረቃና አምስቱ ፕላኔቶች በሰማይ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው በዚያው ቀን ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ በሆነ ጊዜ፣ በሕንድ አገር ብዙ ሕዝብ የዓለም ፍጻሜ ደረሰ ብሎ በጸሎት ተጠምዶ ነበር። ቀኑ ግን እንደ ማንኛውም ቀን መሽቶ ነጋ።

በሰኔ ኮከብ ይፈለጋል?

የእኔ ጭንቀት ደመናው ነበር። ሰኔ በአዲስ አበባ ክረምት የሚገባበት ወር ነውና ሰማዩ አይታመንም። ስለዚህ አንድ ቀን ብቻ ሳልጠብቅ ከሰኔ 15 ጀምሬ በየሌሊቱ ለመነሣት ወሰንሁ።

የምኖርበት ግቢ ከጣሊያን ዘመን የቀረ ነበር። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ የመጣው በወረራው ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከተባለ የጣሊያን ድርጅት ሲሆን፣ «ካሳ» ማለት በቋንቋቸው ቤት ነው። እንግዲህ ሰፈሩ ከጥንት ጀምሮ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ሰፈር ነበር ማለት ነው። በግቢው ውስጥ ወደ ጣሪያው የሚያወጣ የውጭ ደረጃ ነበረና ከዚያ ላይ ሆኜ በስተምሥራቅ እስከ መገናኛ ማዶ ያለው አድማስ ይታየኝ ነበር።

ሰኔ 15 የቂርቆስ ወርኃዊ በዓል ስለ ነበር አከራዬ ነጠላቸውን ለብሰው ወደ ቅዱስ ቂርቆስ ሊሄዱ ሲወጡ በደረጃው ላይ አገኙኝ።

«ልጄ፣ በደኅና ነው በዚህ ሌሊት የተነሣኸው?»

«ደኅና ነኝ፣ እማማ። ኮከብ ፎቶግራፍ ላነሣ ነው።»

«ደመናውን አታየውም እንዴ? በሰኔ ደግሞ ኮከብ ይፈለጋል?»

እውነታቸውን ነበር፤ በዚያ ሌሊት አንዲት ኮከብ እንኳ አላየሁም። በማግሥቱም ካፊያ ጣለና ካሜራውን በጋቢ ሸፍኜ ወረድሁ።

እንዴት ይነሣል?

ለእንዲህ ያለው ፎቶግራፍ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። በእንጦጦ ተራራ ላይ ያሉት መስተዋታቸው 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች እንኳ ለዚህ አይሆኑም፤ የሚያዩት የሰማዩን ትንሽ ቁራጭ ነውና። የዚያ ሌሊት ሰልፍ ግን ከ100 ዲግሪ በላይ ይረዝም ነበር፤ ሜርኩሪ በምሥራቅ አድማስ አጠገብ፣ ሳተርን በደቡብ በኩል ከፍ ብሎ ነበር። ተራ ሌንስ ይህን በአንድ ጊዜ አይይዘውም፤ ስለዚህ አራት ፎቶግራፎችን ጠርዝ ለጠርዝ እያደራረቡ አንሥቶ ኋላ ማገጣጠም ግድ ነው።

ካሜራው በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ይቆማል፤ ማቆሚያ የሌለው ሰው በድንጋይ ወይም በአሸዋ ከረጢት ላይ ሊያስደግፈው ይችላል። ሌንሱ ለጥቂት ሴኮንድ ተከፍቶ ብርሃን መቀበል አለበት፤ እኔ ከ4 እስከ 8 ሴኮንድ ሞክሬአለሁ። ጊዜው ከበዛ ምድር ስለምትዞር ከዋክብቱ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ ጭረት ይሆናሉ። ልምድ ያላቸው ሰዎች 500ን ለሌንሱ ርዝመት በማካፈል ወሰኑን ያገኙታል፤ ለባለ 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ 20 ሴኮንድ ያህል ይሆናል። ጣት ካሜራውን እንዳያነቃንቀው በሰዓት ቆጣሪው መጠቀም ነው። ይህ ሁሉ በእጅ ስልክም ይሠራል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። ከ11 ሰዓት በፊት ሜርኩሪ ገና አድማሱን አልለቀቀም፤ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ደግሞ ጎሑ እየበረታ ይውጠዋል። በመካከሉ ያለችው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ብትሆን ነው።

ሰኔ 17 ንጋት ላይ ደመናው ተቀደደ። በመጀመሪያ ጁፒተርና ማርስ ወጡ፤ ቀጥሎ ጨረቃ፣ ያልበራው ክፍሏ እንኳ ከምድር በሚመለሰው ብርሃን ደብዝዞ እየታየ፤ ከበታቿ ቬኑስ እንደ ፋኖስ ታበራ ነበር። እማማ ድምፄን ሰምተው ወጡና ወደ ሰማይ አንጋጠጡ።

«ያቺን አውቃታለሁ፤ የአጥቢያ ኮከብ ናት። እናቴ እንጀራ ልትጋግር የምትነሣው በእሷ ነበር» አሉ።

ሌሎቹን አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ሜርኩሪ በደመናው ጫፍ ላይ ብቅ ሲል አራተኛውን ፎቶግራፍ አነሣሁ፤ ወዲያው ደመናው ተመልሶ ዘጋው።

የቈረጥሁት ክፍል

ፎቶግራፉን ሳገጣጥም ከታች በኩል አንድ ነገር አላማረኝም። የቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ የተወሳሰበ የኤሌክትሪክ ሽቦ የተሸከመ ምሰሶ፣ በግቢው ዳር የእማማ መስኮት ከነመብራቱ ገብተውበታል። ይህ ሁሉ ሰማዩን ያበላሸብኝ መሰለኝና ቈርጬ ጣልሁት፤ ሰማዩን ብቻ አሳጥቤ በግድግዳዬ ላይ ሰቀልሁ፤ ለጓደኞቼም ሰጠሁ።

በ2017 ዓ.ም. በከተማው የኮሪደር ልማት ሥራ የካዛንቺስ አሮጌው ሰፈር ፈረሰ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌላ አካባቢ ሄዱ። እኔ ቀደም ብዬ በማስተማር ሥራ ምክንያት ለቅቄ ነበር። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ ግቢው የት እንደ ነበረ ለመለየት ቆሜ ብዙ አሰብሁ፤ ደረጃው የነበረበትን እንኳ ማወቅ አልቻልሁም።

በዚያ ምሽት ዋናዎቹን አራት ፎቶግራፎች ፈልጌ አገኘሁና ሳልቈርጥ እንደገና አገጣጠምኋቸው። አሳጥቤም እማማ ወደ ተዛወሩበት ቤት ወሰድሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። እኔ ጨረቃዋን ያያሉ ብዬ ስጠብቅ ጣታቸውን ያሳረፉት ከታች ነበር።

«ይቺ የእኔ መብራት አይደለችም? ሳላጠፋት ነው የወጣሁት ለካ!»

አሁን ይህን ፎቶግራፍ ፊዚክስ በማስተምርበት ጊዜ ለተማሪዎቼ አሳያቸዋለሁ። ስለ ፕላኔቶቹ ይጠይቁኛል፤ እኔም እመልሳለሁ። ከዚያ በኋላ ግን አንዱ ሳይነሣ አይቀርም፤ «ይህ ሰፈር የት ነው?» ይላል።

ፕላኔቶቹ መገናኘታቸው አይቀርም። ጳጉሜን 3 ቀን 2032 ዓ.ም. ፀሐይ ከገባች በኋላ አምስቱም ከቀጭን ጨረቃ ጋር በምዕራብ ሰማይ፣ በ10 ዲግሪ ያህል ስፋት ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ከ2014ቱ ሰልፍ ይልቅ እጅግ የተጠጋጋ ይሆናል። ቀኑ ሩፋኤል ስለ ሆነ ልጆች ዝናብ ዝነብ እያሉ ሲለምኑ እኔ ደመናው እንዲገለጥ እለምናለሁ። አንባቢም ካሜራውን አዘጋጅቶ ቢጠብቅ መልካም ነው። ሰማዩን ሲያነሣ ግን የሚኖርበትን ሰፈር ጣሪያም አብሮ ያግባ፤ ቀኑንና የሰፈሩን ስም ይጻፍበት።