ባንኩ በዛ፣ ወለዱ ያው 7

በአዲስ አበባ፣ ከጀሞ እስከ ለቡ አዲስ ሕንፃ ሲያልቅ ምድር ቤቱን ማን እንደሚከራየው ጠያቂ የለም፤ ባንክ ነው። ዳቦ ቤቱና የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫው በኪራይ ተገፍተው ወደ ጓሮ ይገባሉ፤ በቦታቸው የመስታወት በር፣ አንድ ጥበቃና ሁለት መስኮት ይተካል። ጎኑም ባንክ፣ ማዶውም ባንክ። «ብድር ስንል የላቸውም፣ ለኪራይ ሲሆን ከየት አመጡት?» የሚለው ምሬት የሰፈሩ ወሬ ሆኗል። ከ30 በላይ ባንኮች በተጨናነቁበት ገበያ አንዱን ከሌላው የሚለየው ቀለሙ ነው እንጂ የቁጠባ ወለዱ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዝቅተኛውን ከ5 ወደ 7 በመቶ ካነሣው ወዲህ አብዛኛው እዚያው ላይ ተቀምጧል።

«ወለዱን መንግሥት ስለወሰነው ነው» የሚለው የተለመደ ማብራሪያ ግን ስሕተት ነው። 7 በመቶ ወለል እንጂ ጣሪያ አይደለም፤ በጊዜ ገደብ ለሚያስቀምጥ ባለ ብዙ ገንዘብ ባንኮቹ ተደራድረው ከዚያ በላይ ይከፍላሉ። ታዲያ ለትንሹ ቆጣቢ 8 በመቶ ብለው ለምን አይለጥፉም? አንድ ባንክ 10 ቢሊዮን ብር ቁጠባ አለው እንበል። አንድ በመቶ ቢጨምር፣ ጭማሪው ምንም ሳይጠይቅ ለተቀመጠው ለነባሩ ገንዘብም ይከፈላል፤ በዓመት 100 ሚሊዮን ብር። በዚህ 1 ቢሊዮን ብር አዲስ ተቀማጭ ቢያገኝ፣ ለእሱ የሚከፍለው 80 ሚሊዮን ሲደመር 180 ሚሊዮን ይወጣል። አዲሱ ብር በ8 ሳይሆን በ18 በመቶ ተገዛ ማለት ነው። ቅርንጫፍ ሲከፈት ግን ነባሩ ደንበኛ አንድም ሳንቲም አይጨመርለትም። ኪራዩ ውድ የሚመስለው ይህን ሒሳብ ላላሰላ ነው። ባለ ብዙ ገንዘቡ በቢሮ ድርድር፣ ሌላው በመስታወት በርና በ«ይቆጥቡ ይሸለሙ» ዕጣ ይያዛል። አሜሪካ የቁጠባ ወለድ ላይ ጣሪያ በጣለችባቸው አሥርት ዓመታት ባንኮቿ ሒሳብ ለከፈተ የዳቦ መጥበሻ ይሸልሙ ነበር፤ እነሱን ያስገደዳቸው ሕግ ነው፣ የእኛዎቹን የገዛ ስሌታቸው።

«ደንበኛው ቅርበት ይፈልጋል» ይባላል። ለመጀመሪያው ቅርንጫፍ እውነት ነው፤ በአንድ አስፋልት ላይ ለተደረደረው አምስተኛው ግን አይሠራም። የሒሳብ ብዛት እየተጠቀሰ የፋይናንስ ተደራሽነት አደገ ሲባልም አላምንም። የጀሞ ነዋሪ ደመወዙ በአንዱ ባንክ ይገባል፣ የኮንዶሚኒየም ዕዳውን በንግድ ባንክ ይከፍላል፣ ሦስተኛውን ደብተር ባንክ የተቀጠረው የአጎቱ ልጅ የተቀማጭ ዕቅዱ እንዲሞላለት ብሎ አውጥቷል። ሰውየው አንድ ነው፣ ሪፖርቱ ላይ ግን ሦስት ሒሳብ ነው። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ሲያልፍም ደብተሩን ያልዘጋው በ7 በመቶው ተደስቶ አይደለም፤ ገንዘቡ እዚያ የሚያድር እንጂ የሚኖር ስላልሆነ ነው። ከቀለም ባሻገር በእውነት የተለየ ዕቃ ይዘው ከመጡት አንዱ በ2013 ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ ሆኖ የተከፈተው ዘምዘም ባንክ ነው፤ እሱን ለመለየት ቀለም አያስፈልግም።

ጠንካራው መከራከሪያ ሌላ ነው፦ ነባር ተቀማጭ የሌላቸው አዳዲሶቹ ባንኮች ለምን ወለድ አልጨመሩም? ስሙ ያልታወቀ ባንክ ከፍ ያለ ወለድ ሲጠራ ሰው «ቸግሮት ነው» ብሎ ይሸሻል፤ ስለዚህ እነሱም ሕንፃ ሥር ገቡ። በአዋጅ ቁጥር 1360/2017 በሩ የተከፈተላቸው የውጭ ባንኮች ግን ስም አላቸው፣ እዚህ የሚጎትታቸው የቆየ ቁጠባም የለባቸውም። ለእነሱ 8 በመቶ 8 በመቶ ብቻ ነው። ከመጡና ትንሹን ቆጣቢ ከፈለጉት፣ ለዓመታት የተፈረመው የጀሞ የኪራይ ውል የማን ዕዳ እንደሚሆን ባለአክሲዮኖች ከአሁኑ ቢጠይቁ ይሻላል።