ስለ አስፋልት መንገድ ጥራትና ስለ ፈተናው

ዐዲስ አስፋልት ሁሉ በምርቃቱ ዕለት ያማረ ነው። ጥቁር ገጽታው ያብረቀርቃል፤ ነጩም መሥመር ገና አልደበዘዘም፤ ሪባን የሚቈርጠው ባለሥልጣን፥ ሥራውን የፈጸመው ተቋራጭና በዳር ቆሞ የሚመለከተው ሕዝብ ሁሉም የሚያዩት አንድ ነገር ነውና፥ ሃያ ዓመት የሚያገለግለው መንገድ ከሁለት ክረምት በኋላ ከሚፈርሰው መንገድ በዚያች ቀን በዐይን ሊለይ አይችልም። ልዩነቱ ያለው ከገጽታው በታች፥ በጠጠሩና በሬንጁ ውሕደት፥ ይልቁንም በሁለቱ መካከል በሚቀረው ስውር የአየር ክፍተት ስለ ሆነ፥ እውነቱን ገልጦ የሚያሳየው ሚዛንና ቴርሞሜትር፥ የተጻፈ መሥፈርትና የማያዳላ መርማሪ ብቻ ነው። እኛ ግን ስለ መንገድ ሥራ በተነጋገርን ቍጥር ስንት ኪሎ ሜትር ተነጠፈ ብለን ስንጠይቅ እንውላለን እንጂ እንዴት ተፈተነ ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም።

አስፋልት ብለን የምንጠራው ንጣፍ በክብደቱ ሲታይ ከመቶው 95 ያህሉ የተፈጨ ድንጋይ፥ አሸዋና የድንጋይ ዱቄት ሲሆን፥ ሬንጁ 5 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ጥቂት ሬንጅ እያንዳንዱን ጠጠር በስስ ልባስ ሸፍኖ ካላያያዘው ድንጋዩ ልቅ ክምር ሆኖ ይቀራል፤ ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ በፀሐይ ወራት ወደ ላይ እየወጣ መንገዱን አንሸራታች ያደርገዋል። ባሕርዩም ተለዋዋጭ ነው፤ በሙቀት ይለሰልሳል፥ በብርድ ይደርቃል፥ በእሳት ብዛትና በአየር ንክኪ ያረጃል። አገራችን ድፍድፍ ዘይት የሚጣራበት ፋብሪካ ስለሌላት ሬንጁ ከውጭ ይገባል፤ በበርሜል ቀዝቅዞ የመጣው ሬንጅ በሥራው ቦታ እንደ ገና በእሳት በሚቀልጥበት ጊዜ ሁሉ፥ ጠባቂው ቸል ብሎ ከልክ በላይ ካጋለው፥ ገና መንገድ ላይ ሳይወርድ ከዕድሜው ይቀንሳል።

ይህን ባሕርይ የቀደሙት መሐንዲሶች የመረመሩት በአንዲት መርፌ ነው። 100 ግራም የተጫነባት መርፌ 25 ዲግሪ ሙቀት ባለው ሬንጅ ላይ ለ5 ሴኮንድ ትለቀቃለች፤ የጠለቀችበትም ልክ በሚሊ ሜትር ዐሥረኛ ይቈጠራል፤ ስለዚህ 60/70 ተብሎ የሚታወቀው ሬንጅ መርፌዋ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር የምትጠልቅበት ነው ማለት ነው። ፈተናው ቀላልና ርካሽ፥ በማንኛውም ላቦራቶሪ ሊሠራ የሚችል በመሆኑ ምስጋና ይገባዋል፤ ነገር ግን 25 ዲግሪ የየትኛው አገር መንገድ ሙቀት ነው? በአፋር በረሓ፥ ሚሌ ላይ በቀትር የአስፋልቱ ሙቀት ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ በኅዳር ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። በመርፌዋ ፊት አንድ ዐይነት ሆነው የተገኙ ሁለት ሬንጆች በእነዚህ ሁለት ጠርዞች ላይ ፈጽሞ የተለያየ ጠባይ ሊያሳዩ ስለሚችሉ፥ የመርፌዋ ምስክርነት እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም።

አሜሪካውያን ይህን ጉድለት በብዙ ገንዘብ መርምረውታል። እ.ኤ.አ. በ1987 ምክር ቤታቸው በ150 ሚሊዮን ዶላር የአምስት ዓመት የመንገድ ምርምር እንዲደረግ ፈቀደ፤ ከዚህም ውስጥ 50 ሚሊዮን ያህሉ ለአስፋልት ብቻ የዋለ ነበር። ከምርምሩ የወጣው፥ ሱፐርፔቭ የተባለው ሥርዓት ጥያቄውን ገለበጠው፤ ሙቀቱን አንድ አድርጎ የሬንጁን ጥንካሬ ከመለካት ይልቅ፥ ከሬንጁ የሚፈለገውን ጥንካሬ አስቀድሞ ወሰነና ያን ጥንካሬ እስከ ስንት ዲግሪ ይጠብቃል ብሎ ጠየቀ። በዚህ ሥርዓት ‹‹64–22›› ተብሎ የተመደበው ሬንጅ የመንገዱ ሙቀት በሰባት ተከታታይ ቀናት አማካይ እስከ 64 ዲግሪ ሲወጣና ከዜሮ በታች እስከ 22 ዲግሪ ሲወርድ ሊያገለግል የሚችል ነው። ከመፈተኑም በፊት በ163 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ለ85 ደቂቃ እየተሽከረከረ ይቆያል፤ ይህም በማደባለቂያው ውስጥ የሚደርስበትን እርጅና አስቀድሞ እንዲቀምስ ነው። አገሩን ከጥንት ጀምሮ ደጋ፥ ወይና ደጋና ቆላ ብሎ ለከፈለ ሕዝብ የዚህን ሥርዓት ጥበብ ለማስረዳት ብዙ ሐተታ የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ ለአፋር በረሓና ለሰሜን ሸዋ ደጋ አንድ ሬንጅ ማዘዝ ግን ያን ክፍፍል እንደ መርሳት ነው።

ሬንጁ ከተመረጠ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ መጠኑ ነው። በብዙ አገሮች፥ በእኛም ዘንድ፥ የሚሠራበት ዘዴ ብሩስ ማርሻል የተባለ የሚሲሲፒ አውራ ጎዳና መሐንዲስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ ያሰበው፥ በጦርነቱም ጊዜ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ለከባድ አውሮፕላኖች ማረፊያ ሜዳ አሻሽለው ያጠናቀቁት ነው። ትኩሱ ድብልቅ በብረት ቀለበት ውስጥ ይደረግና አራት ኪሎ ተኩል የሚመዝን መዶሻ ከ45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ በእያንዳንዱ ገጹ 75 ጊዜ ይወርድበታል፤ ከዚያም በ60 ዲግሪ ውሃ ተነክሮ በመጭመቂያ ተይዞ ምን ያህል ጭነት ችሎ እንደሚሰበር ይመዘገባል። ብዙ ሰው ይህን የመጨረሻውን ቍጥር ብቻ አይቶ ይረካል። ዋናው ምሥጢር ግን ያለው በድብልቁ ውስጥ በቀረው የአየር ምጣኔ ነው። የአየሩ ክፍተት 4 ከመቶ ገደማ እንዲሆን ይፈለጋል፤ ከ3 በታች ሲወርድ ሬንጁ በሙቀት ሲያብጥ የሚሄድበት ስለሚያጣ ንጣፉ በከባድ መኪና ጐማ ሥር እንደ ጭቃ እየተገፋ ቦይ ያወጣል፤ ከ8 ከመቶ ወዲያ ሲያልፍ ደግሞ ክፍተቶቹ እርስ በርሳቸው እየተገናኙ ለዝናቡ መግቢያ በር ይከፍታሉ፤ ውሃውም ሬንጁን ከጠጠሩ ላይ ይልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ይፋ የሆነ የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ጥናት እንዳስገነዘበው፥ በነጠፋ ጊዜ ክፍተቱ ከ7 ከመቶ በላይ በአንድ ከመቶ በጨመረ ቍጥር ከንጣፉ ዕድሜ ዐሥር ከመቶ ያህል ይጐድላል።

ማርሻል ለዘመኑ ጭነት በቂ ነበረ። ዛሬ ግን ሙሉ ጭነት የያዘ ተሳቢ በቆላ ዳገት ላይ እያዘገመ ሲወጣ የሚያደርሰው ጫና ከ75ቱ ምት ይበልጣልና፥ የእንግሊዝ የትራንስፖርት ምርምር ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ለሞቃት አገሮች ባወጣው መመሪያ ሌላ መለኪያ አቅርቧል፤ ድብልቁ ከዚህ በላይ አልጠቀጠቅም እስኪል ድረስ እየተመታ ይጠቀጠቃል፤ በዚያን ጊዜም ቢሆን 3 ከመቶ አየር ሊቀርለት ይገባል። እንደ እኔ አስተያየት ለዳገቶቻችንና ለሚዛን ጣቢያ መቆሚያዎቻችን ከዚህ የተሻለ ምክር የለም።

በላቦራቶሪ የተገኘው ምጣኔ በመንገድ ላይ የሚጸናው ወይም የሚጠፋው በመዳመጡ ሰዓት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው፥ በእንፋሎት የሚሄደው መዳመጫ ‹‹የሰርኪስ ባቡር›› እየተባለ የአዲስ አበባን ሰው አስገርሞ እንደ ነበረ ይነገራል፤ የዛሬው ሮለር በኀይሉም በንዝረቱም ያን እጅግ ቢበልጠው የቀዘቀዘ አስፋልትን ማጥበቅ ግን አይሆንለትም። ድብልቁ ከፋብሪካው በ150 ወይም በ160 ዲግሪ ይወጣል፤ ከ85 ዲግሪ ግድም በታች ከወረደ በኋላ ግን ሮለሩ ቢመላለስ ጠጠሩን ይሰባብር እንደ ሆነ እንጂ አየሩን አያስወጣም። እንግዲህ ገልባጭ መኪናው ሸራ ሳይለብስ በነፋስ ውስጥ ሩቅ መንገድ ቢመጣ፥ ወይም አንጣፊው ማሽን ፊት ለፊት ተሰልፎ ተራ ሲጠብቅ ቢውል፥ የጭነቱ ዳርና ላይ ቀድሞ ይበርዳል፤ ያ የበረደው ክፍል በተነጠፈበት ስፍራ ንጣፉ ሳይጠብቅ ይቀራል፤ ጉድጓዱም ከወራት በኋላ የሚጀምረው በዚያው ስፍራ ነው። ቴርሞሜትር የያዘ አንድ ሰው በመኪናው ጐን ቆሞ የቀዘቀዘውን ጭነት እንዲመልስ ሥልጣን ቢሰጠው ከብዙ ጥገና ያድናል።

ከተነጠፈ በኋላ የሚደረገው ፈተና ኮር መቍረጥ ነው። እህል ሸማች የጆንያውን አፍ አይቶ ሳይሆን እጁን ወደ ታች ሰድዶ ዘግኖ አይቶ እንደሚገዛ፥ መርማሪውም 10 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ክብ ናሙና በመሰርሰሪያ ቈርጦ ከንጣፉ ውስጥ ያወጣል። ናሙናው ደርቆ በአየር ይመዘናል፥ በውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይመዘናል፥ ወጥቶም ላዩ በጨርቅ ተጠርጎ ሦስተኛ ይመዘናል። በደረቁ 1,200 ግራም፥ በውሃ ውስጥ 690፥ ከተጠረገ በኋላ 1,206 ቢሆን፥ ይዘቱ 516 ሴንቲ ሜትር ኩብ፥ እፍግታው 2.33 ገደማ ይሆናል፤ አየር ፈጽሞ የሌለበት የዚያው ድብልቅ እፍግታ 2.50 ከሆነ የአየሩ ክፍተት 7 ከመቶ ነው። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው መሰርሰሪያና ጥሩ ሚዛን፥ አንድ ገንዳ ውሃም ነው፤ ስለዚህ ድህነት ምክንያት ሊሆነን አይችልም።

ችግሩ ያለው ናሙናው ከየት ይቈረጥ፥ ማንስ ይመዝነው በሚለው ላይ ነው። ቦታውን ሥራው ያማረለት ሰው ራሱ ከመረጠው ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ቦታው በዕጣ መውጣት አለበት። ላቦራቶሪውም አብዛኛውን ጊዜ በተቋራጩ ካምፕ ውስጥ ያለ ስለ ሆነ፥ ከናሙናዎቹ መካከል አንዳንዱ ከአሠሪውም ከተቋራጩም ነጻ በሆነ ላቦራቶሪ እንደ ገና ሊመዘን ይገባዋል። በብዙ የአሜሪካ ክፍላተ ግዛት ክፍያው ራሱ ከዚህ ቍጥር ጋር የተያያዘ ነው፤ ንጣፉ በሚገባ የጠበቀለት ተቋራጭ ከውሉ ዋጋ በላይ ጥቂት ጭማሪ ያገኛል፥ ያልጠበቀለት ይቀነስበታል፥ ፈጽሞ የጐደለው ነቅሎ በራሱ ወጪ ያነጥፋል። ውጤቱ ከክፍያ በኋላ የሚደርስ ፈተና ግን ለመዝገብ ቤት ካልሆነ ለመንገዱ የሚጠቅመው ነገር የለም።

የመንገድ ውድቀት ሁሉ ከአስፋልቱ ነው እንዳልል፥ በሥሩ ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር በክረምት እያበጠ በበጋ እየተሰነጠቀ ስንቱን ንጣፍ እንደ ሰበረ፥ የተደፈነ ቦይም ምን እንደሚያደርስ ሁላችንም እናውቃለን። ከመጠን ያለፈ ጭነትም አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በኢሊኖይ፥ ኦታዋ አጠገብ የጦር ሠራዊት ሾፌሮች በፈተና መንገድ ላይ ሲመላለሱ እንደ ታየው፥ በአንድ አክስል ላይ ያለው ጭነት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ ያድጋል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ አስፋልቱን ሳይፈትኑ ለመተው ምክንያት አይሆንም።

አውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም፥ በዚያው ዓመት ከዓለም ባንክ ለመንገድ የተገኘው ብድር 5 ሚሊዮን ዶላር ነበረ፤ ዛሬ ለአንድ መንገድ ብቻ የሚወጣው ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2013 የወጡት የአገራችን የመንገድ ሥራ መመሪያዎችም ከዚህ በላይ ከተነገረው ብዙውን ይዘዋልና፥ የጐደለን ወረቀቱ ሳይሆን ወረቀቱን በሥራው ቦታ የሚያስከብር ሥልጣን ይመስለኛል። ስለዚህም የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች የናሙናውን ቦታ በዕጣ እንዲያወጡ፥ በነጻ ላቦራቶሪ እንዲያስመዝኑ፥ የእያንዳንዱን መንገድ የአየር ክፍተት ውጤትም የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሕዝብ በሚያነብበት ስፍራ እንዲለጥፉ አጥብቄ እለምናለሁ።